የቢቸናው የዛፍ ወጌሻና የሞጣው ቀናተኛ

አያ አለምነህ ማረፋቸውን የሰማሁት ከአንድ የእህል መኪና ረዳት ነው። ሞጣ ገበያ ዳር ጆንያ ሲወርድ፣ ረዳቱ ከጭነቱ ላይ ሆኖ «የቢቸናው የዛፍ ወጌሻ ትናንት አረፉ፤ ዛሬ ይቀበራሉ» ብሎ ለቆመው ሰው ሁሉ ተናገረ። ሳንባቸውን ሲያማቸው ቆይቶ ነበር። የዚያን ዕለት ወደ ቢቸና የሚመለስ መኪና ባገኝ ብዬ እስከ ማታ መንገድ ላይ ቆምሁ፤ አልተገኘም። በማግሥቱ ስደርስ ለቀስተኛው ከመቃብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ከውጭ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይህን ያህል ሰው ለእኔ እንደማይመጣ አሰብሁ። በለቅሶ ቤት እንዲህ ያለውን ማሰብ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አሰብሁት።

ይህን የምጽፈው እርሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ነው፤ ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ፣ ከጉንደ ወይን እስከ ሞጣ፣ ከጣሪያችሁ ላይ ያዘመመ ዛፍ ላወረዱላችሁ። ደግነታቸውን ወዳጆቻቸው ይጽፉታል። እኔ የምጽፈው ይህን ሁሉ ዓመት እንደ ቀናባቸው ሰው ነው። ቀናተኛ ደግሞ ዓይኑን ከሚቀናበት ሰው ላይ አያነሣምና፣ ከወዳጅ ይልቅ አጥርቶ ሳያይ አይቀርም።

በአገራችን መጥረቢያ የማያነሣ ወንድ የለም። ባሕር ዛፍ ለመጣል ማንም ማንንም አይጠራም። እኛ የምንጠራው ዛፉ ሰው ሲያስፈራ ነው፤ ቆርቆሮ ቤት ላይ የተንጋደደ፣ መቃብር ላይ የተሰነጠቀ፣ መብረቅ የመታው እንደ ሆነ። ማንም ሳይቀጥረን፣ ለራሳችን አድረን ይህን ሥራ እንጀራችን ያደረግን በእኛ በኩል ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እርሳቸው በቢቸና፣ እኔ በሞጣ። በዕድሜ በአሥር ዓመት ያህል ይበልጡኛል። ሕዝቡ እርሳቸውን «የዛፍ ወጌሻ» አላቸው። እኔን «ጌታነህ ቆራጩ» አለኝ። ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ስሙን ያገኙት በከንቱ አልነበረም። ቅርንጫፍ ሲያወርዱ መጀመሪያ ከሥሩ ጥቂት ይገዘግዛሉ፤ ከዚያ ከላይ ይመጣሉ፤ ቅርፊቱ ተገሽልጦ ግንዱን እንዳይጎዳ። ከዚያ ቁስሉን በስለት ያለሰልሱታል፤ ዝናብ እንዳይቋጥርበትም ወደ ታች ያዘነብሉታል። «ስለማይጮህ አያመውም አትበል» ይሉ ነበር። እኔ በዚያ ጊዜ ሌላ ዛፍ እጨርስ ነበር።

ዕቃቸው በአንድ ትከሻ የሚያዝ ነው፤ አጭር የእጅ መጋዝ፣ ትንሽ መጥረቢያ፣ ሞረድ፣ ከበሬ ቆዳ የተገመደ ረጅም ጠፍር፣ ከመኪና ነጂዎች የገዙት አንድ የናይሎን ገመድ። በናይሎኑ ቅርንጫፍ ያወርዱበታል እንጂ ራሳቸውን አያስሩበትም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ናይሎን ሊበጠስ ሲል አይነግርህም፤ ጠፍር ግን ያጉረመርማል» አሉኝ። ሲወጡ ጫማ አያደርጉም፤ «ጫማ አያይም፤ እግር ግን ያያል» ይላሉ። ጧት ጧት ባለቤቱ እያጉረመረመ ሲጠብቃቸው፣ እርሳቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው የመጋዙን ጥርስ አንድ በአንድ ይሞርዳሉ። አንድ ጊዜ ደብረ ወርቅ ላይ አብረን ስንውል ይህን አይቼ በልቤ ሳቅሁ። በሰባት ሰዓት እርሳቸው ከዛፍ ወርደው ምሳ ሲበሉ እኔ ገና በደነዘ መጋዝ እታገል ነበር።

በዕቃ ልበልጣቸው አሰብሁ። ሁለት በሬዎቼን ሸጬ፣ ደብረ ማርቆስ ከመሰንጠቂያ ቤት ከወጣ ሰው የሞተር መጋዝ ገዛሁ። ባለቤቴ ትርንጎ ስለ በሬዎቹ አለቀሰች። መጋዙን ባስነሣሁበት ቀን ግን የሞጣ ሰው ከየቤቱ ወጣ፤ ውሻው ጮኸ፤ በቅሎው ደነበረ። ድምፁ ቢቸና ድረስ እንዲሰማ ብዬ ያለ ሥራ ሁሉ አስጮህሁት። ብዙም አልቆየ፤ ቤንዚን በኩፖን ሆነ። ኩፖኑ ለመሥሪያ ቤት መኪና እንጂ ለዛፍ ቆራጭ አልታሰበም። መጋዜ ጆንያ ተከናንቦ አልጋ ሥር ተኛ። አያ አለምነህ ይህን ሲሰሙ «የእኔ መጋዝ ቤንዚኑ ቆሎ ነው» አሉ ብለው አወሩልኝ። የተናገሩት በክፋት አልነበረም፤ እኔ ግን ሳምንት ሙሉ ስቃጠል ሰነበትሁ።

አነጋገራቸውም ያስቀናኝ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ባለ እጅ ሁሉ በማኅበር ይደራጅ ብለው ሰብስበዋቸው ሳለ፣ አያ አለምነህ ተነሥተው «ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ እስማማለሁ፤ ግን ዛፍ ላይ ሁለት ሊቀ መንበር አይወጣም» አሉ። ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ሳቁ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። እኔ ብናገረው ኖሮ ስቀው አይሸኙኝም ነበር።

ልጆቻቸው ለውትድርና ተወስደውባቸው እንጨት ፈላጭ ያጡ እናቶች በቢቸና ብዙ ነበሩ። አያ አለምነህ ከየሥራቸው የተረፈውን ቅርንጫፍ ፈልጠው፣ በየደጃቸው ከምረው፣ ሳያንኳኩ ይሄዱ ነበር። እኔም ሞጣ ውስጥ ለአንዲት እናት አንድ ጊዜ ይህንኑ አደረግሁ። አንኳኳሁ ግን፤ ማን እንዳመጣላቸው እንዲያውቁ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

ከሞጣ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር አንድ ያረጀ ጥድ ነበር። በክረምት መብረቅ መታውና ለሁለት ከሚከፈልበት ላይ ተሰነጠቀ፤ አንደኛው ክንዱ በቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ላይ አንዣበበ። የደብሩ አለቃ መጀመሪያ እኔን ጠሩኝ። ዞር ዞር ብዬ አይቼ «ይጣል። ሁለት ቀን ይበቃኛል» አልሁ።

«አባቶቻችን የተከሉትን እንዲህ በአንድ ቃል?» አሉኝ አለቃው። «እስቲ እንምከርበት።»

በሦስተኛው ቀን በደጄ በኩል አልፈው ወደ ቢቸና መላካቸውን ሰማሁ።

አያ አለምነህ ከእህል መኪና እንደ ወረዱ ወደ ደብሩ አልሄዱም። በቀጥታ የመጡት ወደ እኔ ቤት ነው። ድምፃቸውን ስሰማ ወደ ጓዳ ገብቼ ለትርንጎ በእጄ ምልክት ሰጠኋት።

«ቤቶች! ጌታነህ አለ?»

«የለም አያ፤ ወደ ገጠር ወጥቷል» አለች።

«ወይ ጉድ! በሰው አገር ዛፍ ላይ ባለ አገሩን ሳልጠይቅ መውጣቱ ከብዶኝ ነው። ከታች ገመድ የሚይዝልኝም እርሱን አስቤ ነበር። ሲመጣ ንገሪው እስቲ፤ ነገ ጧት እጠብቀዋለሁ።»

እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ትርንጎ የጓዳውን መጋረጃ ገልጣ አየችኝ። «ሊለምንህ ለመጣ ሰው ነው ያስዋሸኸኝ?» አለች።

በማግሥቱ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ከሚያየው ሰው መካከል ቆምሁ። እንዲወድቁ አልተመኘሁም። እንዲያፍሩ ግን ተመኝቻለሁ። በባዶ እግራቸው እየዳሰሱ ወጡ፤ ስንጥቁን በመዳፋቸው ሲነኩት ቆዩና ወደ ታች «አባታችን፣ ይህ ዛፍ አልሞተም። የታመመውን ክንዱን ላውርድለትና የቀረውን ልሰረው» ብለው ተናገሩ። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ በውኃ የተነከረ የበሬ ቆዳ አዘጋጅተው ኖሯል። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ እንደሚኮማተር የማያውቅ የጎጃም ገበሬ የለም፤ እኔም ስንት ሞፈርና ቀንበር አስሬበታለሁ። ዛፍ ይታሰርበታል ብዬ ግን አንድም ቀን አላሰብሁም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሐሳቡ ማማር የገባው ለእኔ ብቻ ነበር፤ ያቃጠለኝም እርሱ ነው።

ክንዱን ቆራርጠው እያሰሩ አወረዱት። ገመዱን ከታች የያዙት ሁለት ደብተራዎች ነበሩ፤ አጠገብ ካለ ወይራ ግንድ ላይ አንድ ዙር ጠምጥመውታል። አንድ ዙር ለትንሹ ይበቃል፤ ለመጨረሻው ትልቅ ግንድ ግን አይበቃም። ግንዱ ሲላቀቅ ገመዱ ከእጃቸው ተንሸራተተ፤ አንደኛው ለቀቀ፤ ሌላው ተጎተተ። ግንዱ ወደ ቆርቆሮው መወዛወዝ ጀመረ።

«ጌታነህ! ገመዱን!» የሚል ድምፅ ከላይ ሰማሁ።

ጋቢው አልሸሸገኝም። ከገመዱ የራቅሁት አራት እርምጃ ብቻ ነበር። ቆምሁ። ብዙ አይደለም፤ አንድ ትንፋሽ። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ያሰብሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ «ሞጣ ይየው» ነው ያልሁት። ከዚያ ዘለልሁና ይዤ ሁለተኛ ዙር ጠመጠምሁት። የመዳፌ ቆዳ ተገፈፈ፤ ግንዱ ከቆርቆሮው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ነገር ግን ሲወዛወዝ የእርሳቸውን ግራ እጅ ከዛፉ ጋር ደፍጥጦት ነበር። በኋላ ጤና ጣቢያ ሁለት ጣታቸው ተቆረጠ።

ያን ዕለት ወርደው እጃቸው በነጠላ ተጠቅልሎ ደሙ እየዘለቀ፣ ሰው ሁሉ ሊወስዳቸው ሲጣደፍ «ቆዩ፤ ቆዳው ሳይደርቅ ይታሰር» አሉ። ወደ እኔ ዞረው «ውጣ» አሉኝ። ወጣሁ። እርሳቸው ከሥር ተቀምጠው «ዝቅ አድርገው… አሁን ሳብ… ቋጥር» እያሉኝ ጥዱን በገዛ እጄ አሰርሁት። ከዚያ ለአለቃውና ለሕዝቡ «ጌታነህ ባይደርስልኝ እኔም ጣሪያውም አልቀን ነበር» ብለው ተናገሩ። አለቃው መረቁኝ። ከዚያ ወዲህ በሞጣ ሥራ አጥቼ አላውቅም።

ጥዱ ዳነ። ሕዝቡ «የአለምነህ ጥድ» አለው። ያሰርሁት እኔ ሆኜ ሳለ ስሙ የእርሳቸው መሆኑ፣ ከጣቶቻቸው ይልቅ እንደ ቆረቆረኝ ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ?

ባለፈው ጥር ታመው ልጠይቃቸው ቢቸና ወረድሁ። ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ከስተዋል። ባለቤታቸው ወንበር ሰጥተውኝ ወደ ውስጥ ሲገቡ አፌን ከፈትሁ።

«አያ፣ ያን ዕለት ሲጠሩኝ እኔ…»

«ዘገየህ» አሉኝ።

ወንበሩን ወደ እርሳቸው አስጠጋሁ።

«ዛፍ ላይ ያለ ሰው ከታች ያለውን ሁሉ ያያል። ስጠራህ ፊትህን እያየሁ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ‘ደረሰልኝ’ ብለው ለሰው ነገሩ?»

«አልደረስህም?»

የመዳፌን ጠባሳ አየሁ።

«ደርሰሃል። መዘግየትህ የእኔና የአንተ ጉዳይ ነው፤ መድረስህን ግን ሰው ይወቀው ብዬ ነው» አሉና ጥቂት አስላቸው። ከዚያ ፈገግ ብለው «እኔም የምነግርህ አለኝ። ያ የሞተር መጋዝህ የመጣ ጊዜ ለገበያ ብዬ ሞጣ ወጣሁ። ገበያም አልነበረኝ። አጥርህ ጥግ ቆሜ ድምፁን ሰማሁ። ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። ቤንዚን ሲጠፋ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ» አሉ።

ሁለታችንም ሳቅን፤ እርሳቸው ሳል እስኪያንቃቸው ድረስ ሳቁ፤ ባለቤታቸው ውኃ ይዘው ሮጠው መጡ።

ወደ ሞጣ ስመለስ መኪናው ላይ ያሰብሁት ይህንኑ ነው። ቅናት የእኔ ብቻ በሽታ ይመስለኝ ነበር። እርሳቸውም ታመውበታል። ግን እርሳቸው ቀንተው ወደ ቤቴ መጡ፤ እኔ ቀንቼ ጓዳ ተደበቅሁ። ጉንደ ወይን ሳልደርስ ደግሞ በዚህም ቀናሁ። ቅናታቸው እንኳ ከቅናቴ ይሻል ነበር።

አያ አለምነህ፣ ይህን በሕይወት ሳሉ በሰው ፊት መናገር ይገባኝ ነበር፤ አሁንም ዘገየሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ትልቅ ዋርካ ጠሩኝ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ነበር፤ «ወደ ቢቸና ይላክ» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ቃል ላለመስማት ስንት ዓመት ተመኝቻለሁ! ወጥቼ ዋልሁ፤ አሳምሬ ሠራሁ፤ ስወርድ አመሰገኑኝ፤ እኔ ግን «እርሳቸው ቢሆኑ እንዴት ያደርጉት ነበር?» የሚል ሰው ባገኝ ብዬ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ማንም አላለም። ደህና ይግቡ፣ አያ። ቦታዎን አልቀማሁዎትም፤ ባዶ ቀርቶ ነው የቆምሁበት፤ ሰፋኝም።