ከጋቢናው ወንበር ስር የተላጠው ሽቦ

ባለቤቴ መኪናውን የሚሠራለት አንድ ሾፌር በሩን ሲያንኳኳ ወንበር ላይ ቆሜ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ እየሰቀልኩ ነበር። ክፍት ነው፣ ግባ አልኩት። ገብቶ ቆመ። ባለቤቴ ከጋራዥ ሰው የሚልከው መነጽሩን ረስቶ ሲሄድ ስለሆነ ዞር ብዬም አላየሁት።

"ከመጣህ አይቀር ያንን ጫፍ ከፍ አድርገህ ያዝልኝ" አልኩት።

ያዘልኝ። ቀለበቶቹን አስገብቼ እስክጨርስ ክንዱን አላወረደም። ፊቱን ያየሁት ከወንበሩ ስወርድ ነው።

"ምነው? ምን ሆንክ?"

"እትዬ፣ ይቀመጡ።"

"ተናገር እንጂ!"

"ጋሼ ጋቢና ውስጥ እንደተቀመጡ ነበሩ። እየሠሩ መስሎኝ ነበር። ጠራኋቸው፣ አልመለሱልኝም። ሐኪም ቤት አደረስናቸው።"

"እና ደህና ነው?"

መጋረጃውን አየ፣ መሬቱን አየ። "የሉም፣ እትዬ" አለኝ።

ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው ጥያቄ አሁንም ይገርመኛል። "በምን መጣህ?" ነበር ያልኩት።

"በእግሬ። የመኪናው ዳሽቦርድ ተፈቷል፤ ጋሼ ገና አልገጠሙትም ነበር" አለና ማልቀስ ጀመረ። ውሃ ያመጣሁለት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ነበር። በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር የበር ስፋት ባላት ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ ይጠግን ነበር። ሰው ሬዲዮ ማሠራት ሲተው ወደ ጋራዥ ገባ። "ሬዲዮ ጎማ አወጣ፣ እኔም ተከተልኩት" ይላል ሲጠይቁት። ዕድሜውን በሙሉ መኪና ውስጥ ሲሠራ ኖሮ መንዳት አልተማረም። የጋራዡ ሰዎች በዚህ ሲያሾፉበት፣ "የጥርስ ሐኪም በበሽተኛው ጥርስ ይበላል እንዴ?" ይላቸዋል። ጠዋት በእግሩ ይሄዳል፣ ማታ በእግሩ ይመጣል። የሰው መኪና ውስጥ ሲገባ ደግሞ፣ የሳሎን ምንጣፍ ላይ እንደሚወጣ ሰው ጫማውን ደጅ ያወልቃል። ካልሲው የተቀደደ እንደሆነ የማፍረው እኔ ነበርኩ፤ እሱ ግድም አልነበረው።

ሾፌሮቹ "መርማሪው" ይሉታል። የአንድ መኪና ቴፕ ዝም ካለ ሌላው ሠሪ የተቃጠለውን ፊውዝ ነቅሎ አዲስ ይሰካና ያሰናብታል። እሱ ግን "ፊውዝ ራሱን አይገድልም" ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። አንድ ቀን መነጽሩን ላደርስለት ሄጄ አንዱን የታክሲ ሾፌር ይዞት አገኘሁ።

"ዝም ሲል መንገዱ እንዴት ነበር? ጉድጓድ ነበረው? በር ዘግተህ ነበር? ከፍተህ ነበር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ! በቃ ዝም አለ።"

"አጠገብህ ማን ነበር?"

"ጋሼ፣ ቴፕ ይሥሩልኝ አልኩ እንጂ ሰው ገደልኩ ወጣኝ?"

"እሱን ገና አላወቅንም" አለው፣ ሳይስቅ። ጋራዡ ሁሉ ሳቀ።

ግን የሚመረምረው ሽቦውን ብቻ ነበር። ሰው ሲመልስለት ብዙ ነገር ያመልጠዋል፤ የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጫነ፣ ከማን ጋር እንደተጣላ። ያ ሁሉ ከመኪናው ጋር ይዘጋል። እኔ እንኳ የምሰማው "አንዲት መኪና" እያለ ሲያወራልኝ ነው፤ የማን እንደሆነች አይነግረኝም። በፊውዝ ቦታ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ የሰካ ሰው ሲያገኝ ግን አያልፈውም። "ዘበኛውን አባረህ ለሌባው አልጋ አነጠፍክለት" ብሎ ይጮህበታል፣ የፈለገው ሀብታም ቢሆን።

መርዶውን ያመጣልኝን የዚህን ሾፌር ነገር ግን፣ ከልማዱ ወጥቶ የማን መኪና እንደሆነች ጭምር የነገረኝ በሞተበት ቀን ዋዜማ ነው። እጁን እየታጠበ ነበር። ሳሙናውን ደጋግሞ ሲያሽ አይቼ የከፋው ነገር እንዳለ ገባኝ።

መኪናዋ የአንዲት የጨርቅ ነጋዴ ናት። ነጋዴዋ ከኋላ ተቀምጣ፣ ወደ ሱቋ ስትሄድ የጠዋት ዜና ትሰማለች። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ሬዲዮው ሞቷል። ፊውዝ ይቀየራል፣ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ደግሞ ይቃጠላል፤ ሁልጊዜ እሷ ሱቅ ስትውል። በመጨረሻ ሾፌሩን፣ "እኔ በሌለሁበት በመኪናዬ ምን ትሠራለህ? አሁን ደግሞ ከተቃጠለ ሌላ ሾፌር እፈልጋለሁ" ብላዋለች።

ባለቤቴ እንደ ልማዱ ፊውዙን ነቅሎ በቦታው አምፖል አሰረ። ሽቦው የሆነ ቦታ ከመኪናው ብረት ጋር ከተነካካ አምፖሉ ቦግ ይላል፤ ካልተነካካ ይደበዝዛል። ዳሽቦርዱን ፈታ፣ ሽቦውን ሁሉ ነካካ፣ ምንም የለም። ወደ ስር ጎንበስ ልበል ብሎ የጋቢናውን ወንበር ወደ ኋላ ሲገፋ አምፖሉ ቦግ አለ። የሬዲዮው ድምፅ ማጉያ ሽቦ ከወንበሩ ስር ያልፋል። ወንበሩ የሚንሸራተትበት ብረት ልጦታል።

"ታዲያ አገኘኸው፤ ምን ያስከፋሃል?" አልኩት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ነገሩን አስጨርሽኝ። ወንበሩ ወደፊት ከሆነ ምንም አይሆንም። የሚነካካው ጥግ ድረስ ሲገፋ ነው። ሴትዮዋ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። ሾፌሩ ልጅ ደግሞ ጋቢና ሰው አይቀመጥም ብሎኛል።"

"ዋሽቶሃላ!"

"ዋሽቶኛል። እግሩ የማይታጠፍ ሰው ማነው አልኩት። እንባው መጣ።"

የሾፌሩ አባት ነው። ከደረጃ ወድቆ ጉልበቱ ተሰብሯል፤ ቁስሉ በየጊዜው ይታጠባል። እግሩን ዘርግቶ ካልሆነ መቀመጥ አይችልም፣ ታክሲም አይጭነውም። ልጁ በምሳ ሰዓት በነጋዴዋ መኪና ሐኪም ቤት ያመላልሰዋል፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ ቦታው ይመልሳል። ቢናገር እንጀራው ይሄዳል። ፊውዙ ደግሞ ቢቃጠል ያው ይሄዳል።

"ጋሼ፣ ሽቦውን ይጠቅልሉልኝና አርጅቶ ነው ይበሉልኝ ብሎ ለመነኝ" አለ ባለቤቴ። "አርጅቷል፣ እሱን እላለሁ፤ እውነት ነው። የቀረውን ግን አንተ ትነግራታለህ አልኩት። ነገ እኔ ጠቅልዬ ስጨርስ አንተ ትጀምራለህ።"

"አንተን ምን አገባህ? ጠቅልልለትና ይሂድ።"

"ብጠቀልለው ሽቦው ይድናል። ልጁ ግን እየፈራ ነው የሚነዳው። በየመታጠፊያው ሰው አየኝ አላየኝ እያለ ነው። አንድ ቀን አባቱን እንደጫነ መኪናውን ያጋጫል።"

እራት በላን፤ ተኛ። ጠዋት መነጽሩን አልረሳም። ጋቢናው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሽቦውን የሚጠቀልልበትን ፕላስተር ከእሽጉ ሳያወጣ ሞተ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ነጋዴዋ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ስለ እሱ ብዙ ጥሩ ነገር ተናገረች። ካልሲውን ሳይቀር አንስታ አሳቀችኝ። ልትነሳ ስትል እንደ ማፈር ብላ፣

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምክንያቱን አግኝተውት ነበር?" አለችኝ።

"አግኝቶት ነበር። ከጋቢናው ወንበር ስር ያለው ሽቦ አርጅቶ ተልጧል።"

"ከጋቢናው? እዚያ እኮ ሰው አይቀመጥም።"

ሾፌሩ በመስኮቱ ይታየኛል። ደጅ ቆሞ የመኪናዋን የታጠበ መስታወት ይጠርጋል። ባለቤቴ የነገረኝ ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ የእሷም ዓይን ክፉ አልነበረም። ግን በሕይወት ሳለ የእሱ አፍ ሆኜ አላውቅም፤ አሁን እሱ ሳይኖር ልሆን አልቻልኩም።

"ባለቤቴ የሚናገረው የሽቦውን ብቻ ነበር" አልኳት።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "ሬዲዮውን ለሌላ ሠሪ አልሰጠውም፣ ለጊዜው ይቅር" አለች። "የጀመሩትን ሌላ ሰው ወዲያው ሲጎረጉረው ደስ አይለኝም። ዜናውን ቤት እሰማለሁ።"

ልጁ በነጋታው ብቻውን መጣ። ቁጭ አላለም።

"ምን አሏቸው፣ እትዬ?"

"የሽቦውን።"

"ሌላውንስ?"

"ሌላው የአንተ ነው። እሱ ምን እንዳለህ ታውቃለህ።"

"እነግራቸዋለሁ። አባዬ ትንሽ ይሻለው እንጂ እነግራቸዋለሁ።"

"እሷ ክፉ ሴት አይደለችም።"

"አውቃለሁ። ክፉ አለመሆናቸው ነው የከበደኝ።"

ዳሽቦርዱን የጋራዡ ሰዎች ገጥመውለታል፤ ከወንበሩ ስር ግን ማንም አልገባም። ባለቤቴ የነቀለው ፊውዝ ስላልተመለሰ አሁን ወንበሩ ቢገፋም የሚቃጠል ነገር የለም። በምሳ ሰዓት መኪናዋ በደጃችን ስታልፍ አያለሁ፤ ሽማግሌው እግሩን ዘርግቶ ጋቢና ተቀምጧል። ሽቦው እንደተላጠ ነው። ልጁም እስከ ዛሬ አልነገራትም።