ለግሪኩ የጨረስኩለት ታሪክ

ሶዶ ከተማ ውስጥ ያንን የግሪኮች ጥንታዊ ታሪክ ከእኔ በፊት ያነበበ ሰው የለም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ብመጻደቅም መብቴ ነው። ትምህርት ቤት ያየሁት እስከ አምስተኛ ክፍል ብቻ ነው። የቀረውን ሁሉ ስፌት መኪናዬ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ዛሬ ዲግሪ ያላቸው ልጆች ሱሪ ሊያሳጥሩ ይመጡና በእንግሊዝኛ የጻፉትን የሥራ ማመልከቻ አርሜላቸው ይሄዳሉ። አስተማሪው ነኝ የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይናገር።

መጽሐፉን ያገኘሁት ገበያ ውስጥ ነው። አንዲት በርበሬ ሻጭ ቅጠሉን እየገነጠለች ትጠቀልልበት ነበር። መገንጠል የጀመረችው ከኋላው ስለሆነ ፊቱ ደህና ነው። የተረፈውን ይዤ ገባሁና በሦስት ዓመት አነበብኩት። ታሪኩ ጦርነት ሄዶ ሃያ ዓመት ከቤቱ ስለቀረ አንድ ንጉሥ ነው። ሞቷል ተብሎ ሚስቱን ሊያገቡ የሚፈልጉ ወንዶች ግቢውን ሞልተው ከብቱን ያርዳሉ፣ ወይኑን ይጠጣሉ። እሱ ለማኝ መስሎ ይመለሳል። ሚስቱ የድሮ ደጋኑን ታወጣለች፤ ለማኙ ይቀበልና ያገላብጠዋል። በርበሬ ሻጯ እዚያ ድረስ ገንጥላዋለች። ቀጣዩ ገጽ የለም።

ደርግ በወደቀ ዓመት አንድ ወታደር መናኸሪያው ጀርባ ወዳለችው ስፌት ቤቴ የሠራዊት ካፖርቱን ይዞ መጣ። ጃኬት አድርግልኝ አለ። ሰባት ዓመት ሰሜን ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ተማርኮ ነው ያሳለፈው። አንዳንዴ በእግሩ፣ አንዳንዴ በጭነት መኪና እየተንጠለጠለ ሶዶ ደረሰ፤ ከገሱባ ወዲያ ወዳለው ቀበሌው ሲዘልቅ ሞቷል ተብሎ ለቅሶው ከተቀመጠ ዓመት አልፎታል። ሚስቱን ለጎረቤቱ ድረዋታል፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። እንሰቱን ሌላ ሰው ይኮተኩተዋል። አጥሩ ጋ ቆሞ አየና ሳይገባ ተመለሰ። ይህን ሁሉ ረጋ ብሎ ነገረኝ። ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ጎረቤቱን ሊያገኘው እንዳሰበም እንደዚያው ረጋ ብሎ ነገረኝ። ካፖርቱን ስፈታ ገበሩ ውስጥ የተሰፋ ሰንጢ አገኘሁና ሰጠሁት። አመስግኖ ኪሱ ከተተው።

የአንድ ቀን ሥራ ነበር፤ እኔ ግን ሆን ብዬ ሦስት ቀን አዘገየሁት። አግዳሚዬ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ የግሪኩን ታሪክ በወላይትኛ ነገርኩት። ያንን ታሪክ በወላይትኛ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። በሦስተኛው ቀን ደጋኑ ጋ ደረስን።

«ከዚያስ?» አለኝ።

እኔ በሕይወቴ ቃል አጥቼ አላውቅም። ንጉሡ ደጋኑን ሳበው አልኩት። ፍላጻው ከወንዶቹ ራስ በላይ አልፎ ምሰሶው ላይ ተተከለ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ማን እንደሆነ አወቁ። የአገሩ ሽማግሌዎች መጡ። ዘመን ሊለወጥ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር፤ እኛ በጊፋታ እንደምናደርገው ማንም ሰው ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት አይሻገርም ነበርና ቀኑን ሙሉ ሲመክሩ ዋሉ። ወንዶቹ አጎንብሰው ጥፋታቸውን ተናገሩ። ንጉሡ ይቅር አለ። ከአንድ ገበታ በሉ፤ አንድም ሰው አልሞተም። ይህን ሁሉ ስናገር መኪናዬን አላቆምኩም፤ አንድ ስፌት እንኳ አልተጣመመብኝም።

ቅዳሜ ገሱባ ሄደ፤ ሰኞ ተመልሶ አግዳሚዬ ላይ ተቀመጠ። ሰንጢውን ለሽማግሌዎች እንዳስረከበ፣ ከጎረቤቱ ጋር ከአንድ ሳህን እንደበላ፣ ሚስቱንና ቤቱን ትቶለት እንደመጣ ነገረኝ። በአንድ ታሪክ ሁለት ሰው አዳንኩ፤ አንዱን ከሰንጢ፣ ሌላውን ከወህኒ። ሽልማት የሚሰጠው ከዚህ ላነሰ ነገር ነው።

ወታደሩ ሶዶ ቀረ። የአንድ አጸደ ሕፃናት ዘበኛ ሆነ፤ ሌላ ሚስት አላገባም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲወጣ ከእኔ አግዳሚ ሌላ መቀመጫ አልነበረውም። ከወንድሜ ይልቅ ከእሱ ጋር ኖሬአለሁ። በጸሎት ቤቱ ምስክርነት ሲሰጥ ሁልጊዜ የሚናገረው ያንኑ ነው፤ እጁ ደም ሊነካ ሲል ጌታ በአንድ የግሪክ መጽሐፍ እንደተናገረው። አንድ ጊዜ ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁት። ጌታን አመሰገነ፤ ግሪኮቹንም አመሰገነ። ልብስ ሰፊው አልተነሣም። እኔም ስለ በርበሬ ሻጯ ለማንም አልተናገርኩም። የወታደሩ የቀድሞ ሚስት ባለፈው ክረምት ስታርፍ ገሱባ ሄዶ ቀብሯን ከሩቅ ጎረቤቶች ጋር ቆሞ አየ። ሲመለስ እንዴት ነበር ብዬ አልጠየቅሁትም።

ዘንድሮ ያ ታሪክ ፊልም ሆኖ መጣ። ከእኛ ማዶ ያለችው የጭማቂ ቤት ባለቤት ከልጆች ስልክ አስገልብጣ በትልቁ ቴሌቪዥኗ ልታሳየን ቅዳሜ ከሰዓት ጠራችን። እንግሊዝኛው ላይ የአዲስ አበባ ልጅ በአማርኛ ይተርክበታል፤ አተራረኩ ከእኔ አይደርስም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ታሪኩን ሲሰማ የኖረው ከአፌ ስለሆነ የፊት ወንበር ለእኔ ተተወ። ወታደሩ አጠገቤ ተቀመጠ። ምስክርነቱን በዓይኑ ሊያይ ነውና የእሑድ ልብሱን ለብሷል።

መጀመሪያ ላይ እኔ ነበርኩ አለቃው። መርከቡ እንዲህ አልነበረም፣ ይህን ከዚያ አስቀድመውታል፣ ይህችን ሴት ጨርሶ ትተዋታል እያልኩ ስነግራቸው «አንድም አያመልጣቸውም» ይባባላሉ። አንድ ዓይን ያለው ግዙፉ ሰውዬ ሲመጣ ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ሰዎቹ ከበግ ሆድ ሥር ተንጠልጥለው ሲያመልጡ፣ ከበዴሳ ከብት የሚያመጣው ነጋዴ ተናደደ። በግ ሰው ይሸከማል ብሎ የጻፈው ሰው በግ ነድቶ አያውቅም አለ። ሰዎቹ ወደ አሳማ ሲለወጡ ጭማቂውን የገፋም ነበር። ያረጀው ውሻ ጌታውን አውቆ ሲሞት የጭማቂ ቤቷ ባለቤት ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ነጋዴው እየሳቀ፣ ሃያ ዓመት የኖረ ውሻ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል አላት። እስከዚህ ጥሩ ነበር።

ደጋኑ ወጣ። ነጋዴው ለአዲስ ሰዎች «ቆይ፣ አሁን ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ» ብሎ አስረዳ።

የመጀመሪያው ፍላጻ የሄደው ወደ ምሰሶ አልነበረም። አንዱን ወንድ ጽዋውን እንዳነሣ ጉሮሮውን ወጋው። ከዚያ በሩ ተዘጋ። ግድያው ማለቂያ አልነበረውም። ወጣቶቹ ተነሥተው ኳስ እንደሚያይ ሰው ይጮኹ ጀመር። ከጸሎት ቤት የመጡ ሁለት እናቶች መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አንሥተው ወጡ። ነጋዴው አሁንም በሩን እያየ «የት ቀሩ እነዚህ ሽማግሌዎች?» ይላል። ቀጥሎ የቤቱን ሠራተኞች፣ ሴቶቹን፣ በገመድ ሰቀሏቸው። የጭማቂ ቤቷ ባለቤት እነሱ ሳህን ከማጠብ በቀር ምን አደረጉ ብላ ጠየቀች። ወታደሩን በጎን አየሁት። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ተቀምጧል።

ከሁሉ የከፋው ከዚያ በኋላ መጣ። ሚስቲቱ ወጣች። ባሏን አይታ አልሮጠችም፤ ራቅ ብላ ተቀመጠችና ሁለቱ ብቻ የሚያውቁትን ነገር ጠየቀችው። እሱ ደግሞ መለሰ። ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ።

«አባባ» አለች የጭማቂ ቤቷ ባለቤት፣ «በእርስዎ አፍ እኮ ይህች ሴት ደጋን ከማውጣት ሌላ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም።»

ቤቱ ሳቀ። እኔም ተነሥቼ ግድያውን የጨመሩት ፊልም ሠሪዎቹ ናቸው፣ ያለ ደም ፊልም አይሸጥላቸውም አልኩ። ሰው ሊያምነኝ ነበር። ከትግራይ ተመድቦ የመጣ አንድ ወጣት ሐኪም ግን ከኋላ ሆኖ በትሕትና፣ መጽሐፉን እንዳነበበና እዚያም ፍጻሜው እንደዚሁ እንደሆነ ተናገረ። የትኛውን ትርጉም ነው ያነበብከው ብዬ ጠየቅሁት። ትርጉም እንደሚለያይ እሱም ያውቃልና «ይሆናል ጋሼ» ብሎ ተወው። በሰው ፊት ረታሁት። ወታደሩ ግን ጭማቂውን ሳይቀምስ ወጥቶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ስፌት ቤቴን ሳልከፍት በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። መጽሐፉን አውጣና ሽማግሌዎቹ ያሉበትን ገጽ አንብብልኝ አለ። አወጣሁት። እንግሊዝኛ አይችልም፤ ጣቴን የትኛውም መሥመር ላይ አድርጌ የፈለግሁትን ባነብለት ያምነኝ ነበር። ይህን እንዳላደርግ የያዘኝ ሐቀኝነት ነው ብል ደስ ባለኝ። አይደለም። የእኔ ምስጋና ሠላሳ አምስት ዓመት ለሌላ ሲሄድ ማየት ሰልችቶኝ ነው። የእኔ ፍጻሜ ከግሪኮቹ ይበልጣል፤ ቅዳሜ ዕለት ሁሉም በዓይኑ አይቷል። እንግዲህ የማን እንደሆነ ይወቅ አልኩ።

«እንዲህ የሚል ገጽ የለም። በርበሬ ተጠቅልሎበታል» አልኩት። «የጨረስኩት እኔ ነኝ።»

አንገቴን አቅፎ የሚስመኝ መስሎኝ ነበር። እሱ መጽሐፉን ተቀብሎ የተቀደደውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«ያኔ ስንት ዓመትህ ነበር?»

«ሃያ ዘጠኝ።»

«ሚስት ነበረችህ?»

«አልነበረችኝም።»

«ለዚህ ነዋ ሴትዮዋን ሳታናግራት የጨረስከው።»

ሁለት ሰው ከሞትና ከእስር እንዳዳንኩ ነገርኩት። ያን አልካደም፤ ሰውየውን ባለመግደሉ አንድ ቀን እንኳ ተጸጽቶ አያውቅም። የሚቆጨው ሌላ ነው። ያን ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ እሷ ጓዳ ነበረች፤ ከመጋረጃው ሥር እግሯ ይታየው ነበር። ትውጣና እሷም ትናገር ሊል ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

«በታሪኩ ላይ አልነበረም፤ ተውኩት» አለኝ። «ከእኔ ጋር መምጣት ትፈልግ እንደሆነ አላውቅም። አሁን ማንን ልጠይቅ?»

መጽሐፉን መኪናዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣም። በጸሎት ቤቱም ምስክርነት መስጠቱን እንዳቆመ ሰምቻለሁ። ጎረቤቶቼ ይቅርታ ጠይቀው ይሉኛል። ይቅርታ የሚጠየቀው ለጥፋት ነው፤ እኔ ሰው ያዳንኩበትን ቃል እንዴት ጥፋት ብዬ ልጥራው? ይህን ስል ይሰሙኛል፤ ከዚያ አግዳሚው ባዶ መሆኑን ያያሉ።

ሦስት ሳምንት ሳስብበት ቆየሁ። የጎደለውን መሙላት የምችል ሰው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን አለ? አንድ ከሰዓት አጸደ ሕፃናቱ ድረስ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሟል፤ እጁ መቀርቀሪያው ላይ ነው። አዲሱን ፍጻሜ እዚያው ነገርኩት። ሽማግሌዎቹ ሲጨርሱ ንጉሡ «እሷንም ጥሯት» አለ። ከጓዳ ወጣች። ሳላለቅስልህ ያደርኩበት ሌሊት የለም አለችው፤ አሁን ግን ማሕፀኔ ውስጥ የዚህ ቤት ልጅ አለ፤ ብሄድም ግማሼን እዚህ ትቼ ነው፤ አንተ ሙሉ ሰው ይገባሃልና በሰላም ሂድ። በደንብ የተሠራ ንግግር ነበር።

ወታደሩ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እሷ እንዲህ አትናገርም» አለ። «ንግግሯ አጭር ነበር። ብዙ ጊዜ ዞር ብላ ነበር የምትስቀው። አንተ አታውቃትም።»

ምን ትል ነበር ብዬ ጠየቅሁት። የመውጫ ደወል ተደወለ፤ ልጆቻቸውን ሊወስዱ የመጡ እናቶች ከኋላዬ ተሰብስበዋል። መቀርቀሪያውን ሳበና ሁለቱንም በር ከፈተ። እኔ መሐል መንገዱ ላይ ነበርኩ። ክንዴን ይዞ፣ ሳይገፋኝ፣ ወደ አጥሩ ፈቀቅ አደረገኝና ለእናቶቹ እለፉ አላቸው።