ደህነኛውን ዐይን ሸፍኚ

ዶክተር ፋሪሃ የሕፃናት ዐይን ሐኪም ናት፤ ሥራዋን የምትጀምረው ግን በጉልበቷ ነው። ካርቱም ውስጥ በምታስተምርበት ሆስፒታል ሕፃን ሲመጣላት ወንበር ስባ አትቀመጥም። ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ፣ ዐይኗን ከልጁ ዐይን ጋር አስተካክላ፣ መጀመሪያ ስለ ጫማው ታወራዋለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲደረግበት የትኛው ነጭ ጋውን ይችላል? ጉልበቱ ጋ ይሳሳል፤ እናቷ ወይዘሮ ዘምዘም እያጉረመረሙ ይጥፉታል።

እኚህ እናት ከወሎ መጥተው፣ ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በሰው ቤት ልብስ እያጠቡ ነው ያሳደጓት። ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው የድሆች ሰፈር ስላደገች ዐረብኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ አማርኛዋ ግን ትንሽ ያነክሳል። ውጭ አገር ሄዳ በሕፃናት ዐይን ሕክምና ሠልጥና ስትመለስ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምን ልትሠሪ መጣሽ ይላት ነበር። ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ ብዙ ሸውራራ ልጅ ስላለ ነው ብላ መለሰች። ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

አስተማሪነቷ ደግሞ ለጉድ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን የተማሪዎቿን አንድ አንድ ዐይን በፕላስተር ትለጥፍና፣ ሱቅ ዐረቢ ከሚባለው ገበያ ሄደው ቲማቲም ገዝተው በአውቶቡስ እንዲመለሱ ትሰዳቸዋለች። ረሺድ የሚባለው፣ ከሁሉ ይበልጥ ዐዋቂ ነኝ ባዩ ወጣት ሐኪም፣ በተሳሳተ አውቶቡስ ከወንዙ ማዶ ኦምዱርማን ደርሶ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ፤ ከቲማቲሙም ግማሹ የበሰበሰ ነበር። ለሕፃን የምታዝዙት ይህን ነው ትላቸዋለች። ቀጥላም አንዲት ደንቧን ታስጽፋቸዋለች፤ ለእናት ምክንያቱን ሳትነግሩ ትእዛዝ አትስጡ።

ይህችን ደንብ የጣሰችው ራሷ ናት።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2019 ግንቦት ነበር። አሮጌው መንግሥት ወድቆ፣ ወጣቱ ሥልጣን ለሲቪል ይሰጥ ብሎ በጦሩ መምሪያ ደጃፍ ድንኳን ጥሎ ተቀምጧል። የሆስፒታሉ ኮሪደር አስለቃሽ ጭስ ዐይናቸውን በለበለባቸው ልጆች ተሞልቷል። በዚያ መሃል ካፉሪ በቤት ሠራተኛነት የምትኖረው እጅጋየሁ ልጇን ሐመልማልን ይዛ መጣች። የልጅቷ ግራ ዐይን ከሕመም ይልቅ ስንፍና ነበረበት፤ ቀኙ ማየቱን ሁሉ ሲሠራለት እሱ ማየቱን ትቶታል። መድኃኒቱ መነጽር አድርጎ ደህነኛውን ቀኙን መሸፈን ነው፤ ያኔ ግራው ወዶ ሳይሆን በግዱ ያያል። ግን ከሰባት ዓመት በኋላ እንዲህ ያለውን ዐይን ማሠልጠን በጣም ይከብዳል፤ ሐመልማል ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ሰባት ትደፍናለች።

ዶክተር ፋሪሃ ይህን ሁሉ ታውቃለች። የተናገረችው ግን መነጽሩን አዝዛ፣ ቀኙን በቀን ስድስት ሰዓት ሸፍኚ፣ ከወር በኋላ ተመለሽ፣ ብቻ ነው። ወደ ኮሪደሩ ሮጠች።

እጅጋየሁ በደንብ ሰምታለች። ነገር ግን ጤነኛውን ሸፍኖ በበሽተኛው እይ ማለት ምን የሚሉት ሕክምና ነው? የሐኪሟም ዐይን በጭሱ ቀልቶ ነበር። ምስኪን፣ ደክሟት ተሳስታ ነው ብላ አዘነችላት። ያንን ሁሉ ያስተማረ ሰው በተማሪዎቹ ፊት ማረም ደግሞ ነውር ነው። አመስግና ወጣች፤ ቤቷ ስትደርስ የሐኪሟን ስሕተት ራሷ አረመችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግራውን ሸፈነች።

በሰኔ መጀመሪያ ድንኳኖቹ በደም ተበተኑ። ከካፉሪ ወደ ሆስፒታሉ የሚያሻግረው ድልድይ ተዘጋ፣ መንገዱ በድንጋይ ታጠረ፣ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ቀጠሮው አለፈ። ዶክተር ፋሪሃ በዚያ ወር ያየችውን እዚህ መዘርዘሩ ይቅር፤ መሃል መሃሉን ግን ያቺ ልጅ ትዝ እያለቻት ትጨነቅ ነበር።

እናትና ልጅ የተመለሱት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው።

«ወላሂ፣ አንድ ቀን አላስተጓጎልኩም» አለች እጅጋየሁ በኩራት።

ፕላስተሩ ግራው ላይ ነበር። ረሺድ አፉን ሲከፍት ዶክተር ፋሪሃ በእጇ ዝም አሰኘችውና፣ ለምን እንዲህ እንዳደረገች እናቲቱን ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

«እርስዎ ደክሞዎት ነበር» አለች እጅጋየሁ አቀርቅራ። «ሰው ፊት ላሳፍርዎት አልፈለግኩም።»

ብትሰድባት ይሻላት ነበር። የተቃጠለው ሁለት ወር ተኩል ሳይሆን ይህ ደግነት ነው ልቧን የወጋት። እንደ ልማዷ ተንበረከከች፤ በዚህ ጊዜ ግን በእናቲቱ ፊት።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እህቴ። ምክንያቱን አልነገርኩሽም። መዓለሽ፣ ይቅር በይኝ።»

ተማሪዎቿ ሰሙ፤ እንዲሰሙም ፈልጋለች። ከዚያ ፕላስተሩን ወደ ቀኙ አዛውራ፣ የእጅጋየሁን ጉትቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሐመልማል እንድታነሣው ጠየቀቻት። ልጅቷ ከጉትቻው አጠገብ ጠረጴዛውን ስትዳብስ ቆየች። እጅጋየሁ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሐኪሟ ምክንያቱን አንድ በአንድ አስረድታት ሲረጋጋላት፣ የገበሬ ልጅነቷ ትዝ አላት። «እህ፣ እንደ በሬ ነው እንዴ? ጎበዙ ከጎተተለት ሰነፉ ይለግማል። ጎበዙን ፈትተን ሰነፉን ልናሠራው ነዋ።»

ዶክተር ፋሪሃ ሞፈርና ቀንበር አይታ አታውቅም፤ ለረሺድ ግን ጻፈው አለችው። እስከ ዛሬም ለእናቶች የምትነግራቸው ይህንኑ ነው፤ በዐረብኛ ሲሆን ብቻ በሬዎቹ የጋሪ አህያ ይሆናሉ።

የቀረው ጊዜ አምስት ወር ነበር። ሐመልማል ፕላስተሩን እየገነጠለች አለቀሰች፤ እናቷ እያባበለች መልሳ ለጠፈች፣ አጠገቧም አስቀምጣ በግራ ዐይኗ ምስር አስለቀመቻት።

ልጅቷ ሰባት ሊሞላት ሳምንት ሲቀራት ለምርመራ ቀረበች። ዶክተር ፋሪሃ ሰሌዳው አጠገብ ቆማ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ጠቆመች። ሐመልማል በግራ ዐይኗ ብቻ፣ ምልክቱ ወዴት እንደዞረ በጣቷ እያሳየች አምስት መስመር ወረደች፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አቃቷት። ግንቦት ላይ የመጀመሪያውንም አላለፈችም። ሐኪሟ ግን ለመደሰት ፈራች፤ ተራ ሲጠብቁ ሰሌዳውን የሚሸመድዱ ስንት ተንኮለኛ ልጆች ታውቃለች።

«ዶክቶራ» አለች ሐመልማል ቀኟ እንደተሸፈነ፣ ካለችበት ሆና፣ «ጉልበትሽ ጋ ሰማያዊ ክር አለ።»

ዶክተር ፋሪሃ ዝቅ ብላ አየች። ነጩ ጋውን በሰማያዊ ክር ተጥፏል። ሳምንት ሙሉ ለብሳው ስትዞር እሷም፣ ረሺድም፣ ማንም ልብ አላለውም። ልጅቷን አቅፋ፣ በተማሪዎቿ ፊት ሳታፍር አለቀሰች።

ማታ ክሩን ስታሳያቸው እናቷ ወይዘሮ ዘምዘም ነጭ እኮ ነው ብለው ድርቅ አሉ። ያኔ የሌሎችን ልጆች ዐይን ስታይ የኖረችው ሐኪም የእናቷን ዐይን ስንት ዓመት እንዳላየች ገባት። አጠገባቸው ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ፣ ለነገ የምርመራ ቀጠሮ እንደያዘችላቸው ነገረቻቸው፤ በመጀመሪያ ግን ምክንያቱን።