ለቬኔሬ የተሳልኩት ስለት

አራት መስመር ናት። ልጄ ማህሌት ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተውሳ ባመጣችው ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ፣ ከገጹ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አራት መስመር። ማህሌት የምትማረው የጥንት እንግሊዞችን ድርሰት ነው፤ ምን ሊያደርግልሽ ነው ስላት ሁልጊዜ ትስቃለች። ያን ቀን ግን አልሳቀችም። ወጥ ቤት ገብታ «እማዬ፣ ይህች ጸሐፊ አያቴ ትሠራላት የነበረችው እንግሊዛዊት አይደለችም? ይቺ ልጅ አንቺ ነሽ እንዴ?» አለችና ወደ ጣሊያንኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። «የአንዲት አቢሲኒያዊት ሠራተኛዬ ልጅ፣ ቆንጆ እንድታደርጋት የቬኔሬን ሐውልት ጧፍ አብርታ ስትለምን አገኘኋት። የመዳብ አምባሯንም ሰጠቻት። አምባሩ ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አለ» ይላል። የእኔ ስም የለም። የእናቴም የለም። የምልጠውን ድንች ከነቢላው ማጠቢያው ውስጥ ወረወርኩት።

ቆንጆ እንድታደርገኝ!

ልጅ እያለሁ አዲስ አበባ፣ አባቴ የመብራት ሠራተኛ ነበር። ከሥራ በተረፈ የመዳብ ሽቦ፣ ሦስት አድርጎ ጎንጉኖ አምባር ሠራልኝ። ላብ ሲነካው እጄን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ አፌ ውስጥ ከትቼ ስመጠው ጣዕሙ እንደ ደም ነው። ከዚያ ቀበሌ ጠራው። «መጣሁ» ብሎ ጃኬቱን እንኳን ሳይለብስ ሄደ፤ በዚያው ታሰረ። እናቴ ትሠራላቸው የነበሩ ጣሊያኖች አገር ለቀው ሲወጡ እኛን ይዘውን ወጡ። አባቴ እስር ቤት ቀረ፤ ስንቅ የምታመላልስለት አክስቴ ነበረች።

ሮም እንደደረስን እናቴ ሞንቴቬርዴ በሚባል ሰፈር በአንዲት እንግሊዛዊት ቤት ተቀጠረች፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል እኔና እሷ በአንድ አልጋ እናድር ነበር። ቤቱ የወለል ሰምና የአሮጌ ወረቀት ሽታ ነበረው። ግቢው ውስጥ ፒኖ የሚሏቸው ትልልቅ የጥድ ዓይነት ዛፎች አሉ። ከበር ጠባቂው ሴት ልጅ ጋር የወደቀውን ፍሬ በድንጋይ እየፈለጥን እንበላለን፤ ጣታችን በሙጫው ይጠቁርና ለሳምንት አይለቅም። ሰኞ ማክሰኞንም እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ደጉን ነገር አልክድም፤ ደስ የሚል ግቢ ነበር።

ሲኞራይቱ፣ የቤቱ እመቤት፣ መጽሐፍ ትጽፍ ነበር። እናቴ «እሳቸው» በይ ብላ አስተምራኛለች፤ ዛሬ ግን አልልም። ትጽፈው የነበረው ስለ ቬኔሬ ነው፣ ስለዚያች የሮማውያን የፍቅር አምላክ፤ የድሮ እንግሊዞች ስለ እሷ ምን ይሉ እንደነበር። ከጽሕፈት ክፍሏ በር አጠገብ የቬኔሬ ሐውልት ቆሟል፤ ነጭ ጄሶ፣ ቁመቱ እኔን የሚያህል፣ እግሩ ሥር ሁለት ርግቦች ያሉበት። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ጣሊያንኛ ቶሎ ስለያዝኩ ሲኞራይቱ ሻይዋን እየጠጣች ታወራኛለች። እንግሊዞቹ ክርስቲያን ናቸው አለችኝ፤ ቄሶቻቸው ቬኔሬን ጣኦት ናት፣ ጋለሞታ ናት ብለው ይረግማሉ፤ ፍቅር የጎዳው ሰው ግን ቤተ መቅደሷ ሄዶ ይንበረከካል፣ አልቅሶ ይሳላል፣ እሳት ያነድድላታል ብለው ይጽፋሉ። ንጋትና ምሽት ላይ የምታበራው ኮከብ የእሷ ናት። ቀኗ ዓርብ ነው። እንደ ፀባይዋም ዓርብ ዕለት ሰማዩ አንዴ ይስቃል አንዴ ያለቅሳል ይላሉ። ከማዕድን ሁሉ የእሷ መዳብ ነው።

ይህን ለእናቴ ብነግራት ሽንኩርት እየከተፈች፣ «ታዲያ ሴትዮዋ ኮከብ ቆጣሪ ናቸው በያ! እኔ ደግሞ ተምረዋል ብዬ» አለችና ሳቀች። እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። እኛ ቤት ቀን ያለው ሁሉ ቅዱስ ነው። በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም። ዓርብን የምታክል ቀን ያላት፣ ኮከብ ያላት፣ ርግብ ያላት፣ ሰው አልቅሶ የሚሳልላት፣ ቅድስት ካልሆነች ማን ልትሆን ነው? እናቴ ለሚካኤል ተስላ ነበር፤ ገና መልስ አልመጣም። እዚህ አገር ያለችውን ልሞክር አልኩ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት እናቴ ገበያ ስትሄድ ነጠላዋን አውጥቼ ቬኔሬን አከናነብኳት፤ ራቁቷን ቆማ እንዴት እለምናታለሁ! እናቴ ለፋሲካ ያስቀመጠችውን ጧፍ አብርቼ እግሯ ሥር አቆምኩ። አምባሬን አውልቄ ክንዷ ላይ ሰካሁላት። «ቅድስት ቬኔሬ፣ አባቴን አስፈቺልኝ። መዳቡ ያንቺ ነው ብለዋል። እንኪ እንዳልል ሌላ የለኝም» አልኳት። ዛሬም ድረስ አንዲት ቃል አልረሳሁም።

የነጠላው ጥለት ነደደ። እናቴ የገባችው ጨርቁ ሲጤስ ነው። ነጠላዋን ረግጣ አጠፋችና በጥፊ አጮለችኝ። «ኧረ ጉዴ! ኧረ ጉዴ! ለጣኦት! በጾም ቀን!» ጩኸቱን ሰምታ ሲኞራይቱ ከክፍሏ ወጣች። አልተቆጣችም። እጇን አጨበጨበች፣ ዓይኗ እንደ ሕፃን በራ። ጎንበስ ብላ «ምን ብለሽ ለመንሻት?» አለችኝ። «አባቴን» አልኳት፣ «አባቴ ታስሯል፣ እንድታስፈታው።» በደንብ ነው የተናገርኩት፤ በደንብ ነው የሰማችኝ። እዚያው ቆማ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

እሑድ ምሳ ላይ እንግዶች ነበሯት። ከፍራፍሬው በኋላ ጠራችኝ። ጥለቱ የተቃጠለውን ነጠላ መልሳ ሐውልቱ ላይ ጣለች፣ ጧፉን ለኮሰች፣ «ድገሚው» አለችኝ። ተንበረከክሁ። ደገምኩት። አንዱ ፒፓ የሚያጨስ ሰውዬ እስኪያነባ ሳቀ። «ይኸው» ትላለች ሲኞራይቱ፣ «እኔ የሞቱት ሰዎች መጽሐፍ ውስጥ ስፈልገው የነበረው እዚህ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብሏል!» አምባሬ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ጠረጴዛውን ጨረሰ። እጄን ስዘረጋ «አይሆንም፣ ለአምላክ የተሰጠ አይመለስም» ብላ ቀለደች፤ ሁሉም ሳቁ። እናቴ የሳህን ክምር ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየንና አቀረቀረች።

ወጥ ቤት ገብቼ «አምባሬን አምጪልኝ» እያልኩ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። እናቴ አፌን በመዳፏ ያዘችው፤ እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። «እልፌ፣ ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። እናቴ አባባሏ ይኸው አንድ ብቻ ነበር። ኤምባሲው ፓስፖርቷን አላድስም ብሏታል፤ ለፔርሜሶዋ፣ ለመኖሪያ ፈቃዷ፣ የምትፈርምላት ይህችው ሲኞራ ናት። ስለ ሽቦ አምባር አፍ አውጥታ እንዴት ትጠይቅ? ያኔ ይህ አልገባኝም። ከሲኞራይቱ ይልቅ እናቴን ነበር የጠላሁት።

የሠራተኞቹ የእረፍት ቀን ሐሙስ ነው። ሐሙስ ከሰዓት የአገራችን ሴቶች ሁሉ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያው ፊት ይሰበሰባሉ፤ ከአገር ቤት የመጣ ሰው ካለ ወሬ የሚገኘው እዚያ ነው። ከፋሲካ በፊት አንዲት ሴት መጣች፤ የአክስቴ ጎረቤት ናት። እናቴን ወደ ጥግ ስባ አንዲት ነገር ነገረቻት፦ አክስቴን «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» ብለው መልሰዋታል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ያውቃል። መርዶ ነው። እናቴ ጮክ ብላ እንኳን አላለቀሰችም፤ ከሴቶቹ ማንኛዋ ለማን እንደምትናገር አይታወቅማ። አውቶቡስ ላይ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ «ያንን ጣኦት ባትለምኚ ኖሮ» አለችኝ። አንዴ ብቻ ነው ያለችው። ለእኔ በቃኝ። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ እያልኩ አደግኩ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ትምህርቴን ትቼ ሳህን አጣቢ ስሆንም፣ ማህሌትን ስወልድም፣ ያ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

አባቴን የገደለው ደርግ ነው። ይህን የምታህል ነገር ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብኝ!

ማህሌት አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ቀልቶ ነበር። «ነገ ክፍል ውስጥ ተነስቼ እናገራለሁ፣ እማዬ። ፕሮፌሰሩ ይህችን ሴትዮ እንደ ታቦት ነው የሚያያት። ውሸት ነው እለዋለሁ» አለች። «ዝም በይ! ቺታዲናንሳሽ፣ ዜግነትሽ፣ ገና አልወጣም! በነጥብሽ ቢመጡብሽስ? ዝም አይነቅዝም!» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እጄም አብሮ ተነስቶ የልጄን አፍ ሊይዝ ነበር። እጄ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ማህሌት «ማ ዳይ፣ ተዪ እንጂ እማዬ!» አለችኝ። «በቃ አንቺ ጻፊው። ይዤው ልግባ።»

ይኸው ጻፍኩት። ሞንቴቬርዴ ያለው ቤት አሁን የጥርስ ሐኪም ቤት ሆኗል፤ ሲኞራይቱ ሞታለች፤ አምባሩን ማን እንደጣለው አላውቅም። ዛፎቹ አሉ። ያኔ እንዲህ ያለውን ነገር የሚጽፉት እነሱ ነበሩ፤ እኛ ደግሞ ከገጹ ግርጌ፣ ያለ ስም። ዛሬ ልጄ ቋንቋቸውን ከእነሱ አሳምራ ታነባለች፤ እኔ ደግሞ እንደ እናቴ እንቅልፍ አጥቼ እፈራለሁ። ፍርሃት ሲወረስ ነው መሰለኝ።

ግን እማዬ፣ ነፍስሽን ይማረውና፣ ዝም ይነቅዛል። አርባ ዓመት አስቀምጬ ስከፍተው ዱቄት ሆኖ ነው ያገኘሁት። ነገ ማህሌት ትናገር። እኔም ሄጄ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ፤ እየፈራሁ እቀመጣለሁ። ስሜ እልፍነሽ ነው። የለመንኩት ቁንጅና አይደለም። አባቴን ነው።