ቀይ የቀባሁት ኮሶ

ደብረ ብርሃን በማስተምርበት ክፍል አንዲት ተማሪ ቀይ እርሳስ ስትቀርጽ የእንጨቱ ሽታ አንኮበር፣ ልጅ ሆኜ ወደተማርኩበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መለሰኝ። ንዴቴም አብሮ ተመለሰ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋሼ ተሰማ ጥያቄ አይመልሱም ነበር።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"እዪው።"

"አየሁት እኮ!"

"ደግመሽ እዪዋ!"

መልሱን እያወቁት! ዛሬ አንድ ነገር ስጠየቅ ሦስት የማስረዳው እሳቸው ባስያዙኝ እልህ ይመስለኛል።

ከአባታቸው የወረሱት የእጽዋት ሥዕል የሞላበት አንድ የውጭ አገር አሮጌ መጽሐፍ ነበራቸው። አሠራሩን ላስረዳ፤ ሥዕሉ መዳብ ላይ ተቀርጾ ይታተማል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ገጽ በእጅ ይቀባል። ቀቢዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተክሉን በዓይናቸው አላዩትም። ይህንንም ያወቅሁት ከሌላ ቦታ ነው።

እጄን አስታጥበው ገጹን እሳቸው ይገልጡልኝ ነበር፤ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ አልነበረኝም። አንድ ቀን ኮሶ ላይ ደረስን። አበባው ገርጥቷል።

"ጋሼ፣ መጽሐፉ ተሳስቷል። ኮሶ ቀይ ነው!"

"እዪው" ብለው ደወል ሊደውሉ ወጡ።

ስሕተት አይቼ ማለፍ አልችልም። ቀይ እርሳሴን አወጣሁና አበባውን አንድ በአንድ አቀላሁት።

ሲመለሱ ያቀላሁትን አዩ። መጽሐፉን ቆለፉና በየሳምንቱ ወደማልፍበት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወሰዱኝ። ሁለት ኮሶ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ገርጣ ያለ አበባ አንዠርግገዋል።

"ይሄኛውስ?" አሉ ገርጣውን እያሳዩኝ።

"እ... ኮሶ።"

"ወንዱ ነው። ለመድኃኒት የሚለቀመው የሴቷ ነውና እሱን ማን ያየዋል?"

ከእሳቸው የሰማሁት ረጅሙ ማብራሪያ ይህ ነው። መጽሐፉን ዳግመኛ አላሳዩኝም።

አምና አረፉ። ልጃቸው መጽሐፉን "ለሷ ስጪ ብሎኛል" ብላ አመጣችልኝ። ኮሶው እንደቀላ ነው። አጠገቡ አንድ ወረቀት ገብቷል፤ የወንዱን አበባ በገዛ እጃቸው፣ እያንዳንዷን ቅንጣት ሳያስቀሩ ስለውታል። ከሥሩ አንዲት ቃል እንኳ የለም! ምን ነበረበት አንድ መስመር ቢጽፉልኝ?

እርሳስ ስትቀርጽ ለነበረችው ተማሪ ሁለቱን ሥዕሎች አሳየኋት።

"ቲቸር፣ ትክክሉ የቱ ነው?"

ሦስት ነገር ላስረዳ አፌን ከፈትኩ።

"እዪው" አልኳት። ቀይ እርሳሷን ግን አስቀድሜ ተቀበልኳት።