የአመድ ድልድይ

በእኛ አገር የጭቃ ሹምነት በባለርስቶች መካከል በየዓመቱ በተራ ይዞር ነበር። የኔ ባል ተራ የደረሰው ጣሊያን ከቡሬ ወደ ዛሬው ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ከመንደራችን በታች ባለው ወንዝ ላይ ድልድይ ሊሠራ በመጣበት ዓመት ነው። ዕድል ማለት እንዲህ ነው። ሌሎቹ በየተራቸው ግብር ሰብስበው፣ ሙክት በልተው ወረዱ፤ ለኔው ግን ድንጋይ የሚሸከም ሰው ማቅረብ ደረሰው።

ድልድዩን የሚያሠራው መሐንዲስ ጠጉሩን በቅባት የሚያስተኛ፣ ሳቂታ ጣሊያን ነበር። ሲሚንቶው በመኪና ይመጣና በፊታችን ይራገፋል፤ ጥቂት ሰንብቶ ደግሞ በገዛ አህዮቻችን ተጭኖ ወደ ቡሬ ገበያ ይሄዳል። የነጋዴዎቹ የእህል መጋዘን ወለል ያብረቀርቅ ጀመር፤ አይጥ መግቢያ አጣች እየተባለም ይወራ ነበር። ለድልድዩ ደግሞ እኛ ሴቶቹ ከየምድጃችን አመድ እየጠረግን እንድናመጣ ታዘዝን። አመዱ ከጭቃና ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ይለወሳል፤ መልኩ ቁርጥ ሲሚንቶ ነው። የፈረንጅ ጥበብ ነው አልን። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረታችንን መሐንዲሱ ከማን እንደሰማው እንጃ።

ክረምቱ ሲገባ ድልድዩ በአንድ ጎኑ ተሰነጠቀ፤ መከታውም ተንዶ ወንዝ ገባ። መሐንዲሱ ለቡሬው አዛዥ «ድልድዩ ደህና ነው፤ መከታውን ያፈረሱት ሽፍቶች ናቸው» ብሎ ነገረው። ሽፍቶች የሚላቸው አርበኞቹን ነበር። እነሱም ሲሰሙ አላስተባበሉም፤ ያልሠሩት ጀብዱ እደጃቸው ድረስ ሲመጣ ማን ይመልሳል። ባሌ ግን ታሰረ። ጭቃ ሹም ነውና አፍራሹን ካላወጣ ይሰቀላል ተባለ።

አዛዡ ያገሩን ወግ አውቃለሁ ባይ ነበር። አውጫጭኝ የሚባል ነገር መኖሩን ሰምቶ እሱው ይደረግ አለ። በአውጫጭኝ አገሬው በሙሉ ዋርካ ሥር ተሰብስቦ ይምላል፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። የሚያውቅ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል፤ እነሱም የነገራቸውን ሰው ሳያወጡ «ወፍ እንዲህ አለች» ብለው ያሳውቃሉ።

እኔ መላው ታይቶኝ ነበር። በዚያ ሰሞን በውጊያ የሞተ አንድ አርበኛ ነበረ፤ ዘመድም የለው። ወደ ሽማግሌዎቹ አለቃ ተጠግቼ «አባቴ፣ ሟቹ ነው ይበሉ። ሁለተኛ አይገድሉት» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መሐላ ላይ ነን» አሉኝ። «በአውጫጭኝ ሐሰት የተናገረ ዘሩ አይባረክም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እስኪጠራ እኮ ባሌ ይሰቀላል።»

ያን ቀን ሽማግሌ የተባለ ሁሉ አስጠላኝ። ለጣሊያን እጅ ሲነሱ የከረሙ ሰዎች ጽድቅ ትዝ ያላቸው በኔ ባል አንገት ነበር።

በመጨረሻ አለቃው ተነሡና ጋቢያቸውን አደግድገው «ወፍ እንዲህ አለች፤ ድልድዩን ያፈረሰው ሲሚንቶውን የሸጠው መሐንዲሱ ነው» አሉ። የአዛዡ አስተርጓሚ መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቀጥሎ ውሃ ጠየቀ፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየ ተረጎመው። አዛዡ ፊቱ ደም መሰለ። ወፏ ትቅረብ አለ። የወፍ ስም እንደማይወጣ፣ ደንቡም እንዲያ እንደሆነ ተነገረው። በማግስቱ ገበያው ፍኖተ ሰላም ነበርና ጭቃ ሹሙ እዚያ ይሰቀል ብሎ አዘዘ። ይህንን ለመተርጎም አስተርጓሚው ውሃ አላስፈለገውም።

ሲነጋ ባሌን የፊጥኝ አስረው ከወታደሮቹ ጋር የጭነት መኪና ላይ ጫኑት። አዛዡና መሐንዲሱ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። እኔ ስንቁን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ፤ ለሚሰቀል ሰው ስንቅ ምን ይሆነዋል ያለኝ የለም። መንገዱ ጭቃ ስለነበር መኪናው ከኔ እምብዛም አልራቀም።

የፊት ጎማዎቹ ድልድዩ ላይ እንደወጡ መሐንዲሱ አስቆመና ወረደ። እግሩን ሊያፍታታ እንደፈለገ በእጁ አሳየ። ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቀለለና በገዛ ድልድዩ ሥር ወንዙን በእግሩ ይሻገር ጀመር። ያን የክረምት ውሃ ከድልድዩ ይልቅ አመነው። ይህን ያዩት ወታደሮች ከመኪናው እየዘለሉ ወረዱ። ሾፌሩ ተከተለ። አዛዡም ክብሩ እንዳይነካ ቀስ ብሎ ወረደ፤ መሬት ከረገጠ በኋላ ግን ፈጠን ብሎ ራቀ። ባሌ እንደታሰረ ብቻውን መኪናው ላይ ቀረ፤ እኔ ወደ እሱ ልወጣ ስል አንዱ ወታደር ክንዴን ይዞ አስቀረኝ።

አዛዡ ውሃ ውስጥ የቆመውን መሐንዲስ ብዙ አየው። ወፏ ያላስረዳችውን የተጠቀለለ ሱሪ አስረዳው። ባሌን ፍቱት አለ። በኋላ ስንሰማ ድልድዩን ያፈረሰው ጎርፍ ነው ተብሎ ተነግሯል፤ መሐንዲሱም ሌላ ወንዝ ላይ ሌላ ድልድይ እንዲሠራ ተዛውሯል።

በዚያው ቀን ሽማግሌዎቹ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ ሊሉ ቤታችን መጡ። «አላልንሽም ልጄ? እውነት አዳነው» አሉኝ አለቃው።

«እውነትማ ልታሰቅለው ነበር» አልኳቸው። «የዳነው ሌባው ለነፍሱ ስለሳሳ ነው።»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ከነንዴቴ ሳቅሁ። ባሌ ግን አልሳቀም። ገመዱ ያሳበጠውን እጁን እያሻሸ «ሁሉም ሲወርድ» አለ፣ «እኔን ላውርደው ያለ አንድ ሰው አልነበረም።»