ልጄ ጣቷን የተወጋችበት ስብሰባ

የዚያን ቀን ከዋርካው ሥር የነበርነው እነዚህ ነን፤ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ከወረታ በመኪና የመጡ ሁለት ሹሞች፣ የጤና ሠራተኛዋ፣ የደብራችን ቄስ፣ በአንድ ለአምስት የተደራጀን የሰፈሩ ሴቶች፣ እኔና ልጄ።

ቀበሌያችን ሜዳ ላይ መጸዳዳትን አጥፍቷል ተብሎ ነጭ ባንዲራ ሊሰቀልልን ነበር። የመጸዳጃ ጉድጓድ ያልቆፈረ ማዳበሪያ አያገኝም ስለተባለ ሁሉም ቆፍሯል። ያውም ፎገራ ላይ! ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ጉድጓዱ የያዘውን ሁሉ ይተፋና ከምንጠጣው ውሃ ይገባል። ይህን ከብቱም ያውቃል፤ ሐምሌ ሲገባ ወደ ከፍታው ይወጣል። ሹሞቻችን ግን የሚመጡት በጥር ነው፤ ጫማቸው እንዳይቆሽሽ።

አንደኛው ሹም ስለ ልማት ሲያወራ የዋርካው ጥላ ዞረብን። በመጨረሻ "አስተያየት ያለው?" አለ። አስተያየት ማለት ምስጋና ነበር። ልጄ ተነሣች።

"ጌታዬ፣ እስቲ በነሐሴ ይምጡና ከውሃችን ይቅመሱ!"

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ። ሊቀመንበሩ ጠቆረ።

"ይች ደግሞ የማን ናት? ማን ልኳት ነው?"

"ጌቶቼ፣ ይቅር በሏት፤ ወባ ይዟት ነው የምትቀባጥረው" አልሁ። በእኛ አገር ወባ የያዘው ሰው ምንም ቢናገር የሚቀየመው የለም።

ሹሙ ፈገግ አለ። "ባለሙያዋ እዚሁ አለች አይደል? ትመርመራ!"

የጤና ሠራተኛዋ የልጄን ጣት ወጋች። ውሃችንን አንድ ቀን ያልመረመሩ ሰዎች አንዲት የደም ጠብታ ከብበው ቆሙ። ቄሱም አንገታቸውን አስግገው አዩ።

"ወባ የለባትም" አለች ሠራተኛዋ፣ መሬት መሬት እያየች።

"እንግዲያ አውቃ ነው የተናገረችው" አለ ሹሙ፤ ደብተሩ ላይም ጻፈ። "ፀረ ልማት!" አለ ሊቀመንበሩ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብሁ። ልጄ ዞር ብላ እጄን አየችው።

ከዚያ ወዲያ ቀበሌው መታወቂያ ከለከላት። በሳምንቱ ሳትሰናበተኝ ከወረታ መናኸሪያ ወደ መተማ በሚሄድ መኪና ተሳፈረች። ባንዲራውን በነሐሴ ጎርፍ ወሰደው። ሹሙ ግን ሹመት ተጨመረለት አሉ።

ልጄ ቀጭን፣ ረዥም፣ ፈጥና የምትናገር ናት። በመተማ በኩል ያያችኋት ካላችሁ፣ በሕይወት መኖሯን ብቻ ንገሩኝ።